የወይዘሮ ቀኖ እጅ

«ሃያ ሰባት ተኩል» አለ ሰይፈ ሚካኤል፣ ጎንበስ ብሎ የሚዛኑን ቁጥር እያነበበ። «አራት ኪሎ ተኩል ትርፍ ነው። እንግዲህ ወይ ሽሮው ይቀራል፣ ወይ አንቺ ትቀሪያለሽ።»

ወይዘሮ ሀረገወይን አልሳቁም። ሻንጣውን ከቡና መመዘኛው ላይ አውርዶ፣ በመጋዘኑ ወለል ላይ ባነጠፉት ንጹሕ ጆንያ ላይ እንዲያስቀምጠው በጣታቸው አመለከቱት። መነጽራቸውን አስተካከሉና ዚፑን ከፈቱ። አየር መንገዱ የፈቀደላቸው እያንዳንዳቸው ሃያ ሦስት ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ነበር። አንደኛው የልብስና የሕፃን ዕቃ ስለሆነ አላስቸገረም። የሚያስቸግረው ይህኛው፣ የስጦታውና የስንቁ ሻንጣ ነው። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። በማግስቱ ማለዳ በአውቶቡስ ከመቱ ወደ አዲስ አበባ፣ ለዓርብ አጥቢያ ሌሊት ደግሞ በአውሮፕላን ወደ ጀርመን ይሄዳሉ። እዚያ፣ ሃኖቨር በምትባል ከተማ፣ አንድ ልጃቸው ገሊላ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ሁለት ሳምንት ቀርቷታል።

ለዘመድ ስጦታ የሚመርጥ ሰው ዕቃውን ብቻ አይመርጥም፤ በዘመዱ ፊት ምን ዓይነት ሰው ሆኖ እንደሚቆምም ይመርጣል። ወይዘሮ ሀረገወይን ይህን ስለሚያምኑ በዚህ ሻንጣ ላይ አንድ ወር ሙሉ አስበውበታል። በርበሬው አምስት ኪሎ፣ ሽሮው አራት፤ እነዚህ አይነኩም። የጫካ ቡና ሦስት ኪሎ፤ ይህም አይነካም። ሁለት ኪሎ ነጭ ማር ነበር፤ ገሊላ በታመመች ጊዜ በገዛ መኪናዋ ሐኪም ቤት ላመላለሰቻት ለአሮጊቷ አከራይዋ የታሰበ ነው።

«ማሩን ተዪው» አለ ሰይፈ ሚካኤል። «የፈረንጅ ሱቅ ማር ሞልቶታል።»

«ገተማ የላቸውም» አሉ ወይዘሮ ሀረገወይን፣ ማሩን ወደ ቦታው እየመለሱ። ገተማ የኢሉባቦር ጫካ ዛፍ ነው፤ ንቦች ከአበባው የሚሠሩት ማር እንደ ቅቤ ነጭ ይሆናል።

ከማሩ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ወጣ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ቀጭኔ ነው። ከእንጨት የተቀረጸ። ፈረንጆች ይወዱታል ብለውኝ አዲስ አበባ ገዛሁት፤ ሳታዪ ከተትሁልሽ።»

«መቱ ውስጥ ቀጭኔ አይተህ ታውቃለህ?»

«ጀርመኖቹ እንደሌለ በምን ያውቃሉ?»

«እኔ አውቃለሁ» አሉና ቀጭኔውን በጆንያው ዳር አቆሙት።

ቀጥሎ የወጣው የብስኩት ካርቶን ነበር። ወይዘሮ ሀረገወይን አገላብጠው ጽሑፉን አነበቡ፤ ከዚያም ካርቶኑን ለወንድማቸው አስጠግተው አሳዩት። የተሠራው ጀርመን አገር ነበር።

«ናፍቆት ይዞታል» አለ ሰይፈ ሚካኤል። «ወደ አገሩ ብትመልሺው ጽድቅ ነው።»

ሰይፈ ሚካኤል ታናሽ ወንድማቸው ነው፤ ቡና ነጋዴ፣ ሳቂታና ቸር ሰው። መጋዘኑ ከእኅቱ ግቢ ጋር አጥር ይጋራል። በሕይወቱ ከእኅቱ ጋር ያልተስማማበት ነገር ቢኖር አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱ «ችግር የለውም» የሚለው ቃል ብዙ በር ይከፍታል ብሎ ያምናል፤ እርሳቸው ደግሞ የችግር ሁሉ አባት ያ ቃል ነው ይላሉ። ወይዘሮ ሀረገወይን በጡረታ እስከተገለሉበት ጊዜ ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት በፍርድ ቤት የችሎት ጸሐፊ ሆነው ሠርተዋል። ምስክር እጁን አንሥቶ ሲምል የመሐላውን ቃል የሚያስደግሙት እርሳቸው ነበሩ። በከተማው ስማቸውን የማያውቁ ሰዎች እንኳ «የመሐላዋ እመቤት» ብለው ያውቋቸዋል፤ በዚህም በልባቸው ይኮሩ ነበር።

«አሁን ቦታ ተገኘ» አለ ወንድማቸው እጆቹን እያፋተገ። «ለቅቤው።»

«ስለ ቅቤ ትናንት ጨርሰናል።»

«አንቺ ጨረስሽ እንጂ ገሊላ አልጨረሰችም።» ስልኩን አወጣና ገሊላ በቴሌግራም የላከችውን ድምፅ ከፈተው። የልጅቱ ድምፅ በመጋዘኑ ውስጥ ተሰማ፤ «እማዬ፣ ቅቤውን እንዳትረሺ። ክልክል መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ሁሉም ያመጣል። በፌስታል ደራርበሽ ጠቅልዪና በርበሬው መካከል ቅበሪው፤ ሽታውን ይውጠዋል። እናቴ አጠገቤ ሆና በዚህ አገር ነጭ ቅቤ አራስ መሆን አልፈልግም።»

ወይዘሮ ሀረገወይን ይህን ድምፅ ሲሰሙት አራተኛቸው ነበር። ወደዚያ አገር በሻንጣ የወተት ውጤት ይዞ መግባት እንደማይፈቀድ የገሊላ ባል አብደታ ራሱ ከላከላቸው የጉምሩክ መመሪያ ላይ አንብበዋል። ማር እስከ ሁለት ኪሎ ይፈቀዳል፤ የደረቀ ቅመምም አይከለከልም። ቅቤ ግን አይገባም።

«እንዲያውም ለምን ይደበቃል?» አለ ሰይፈ ሚካኤል። «ፊት ለፊት እንጽፍበታለን። በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ «ዻዻ» ብዬ በትልቁ እጽፍልሻለሁ።»

«ዻዻ ቅቤ ማለት አይደለም እንዴ?»

«ነው እንጂ። ግን ፊደሉ የእነሱ ፊደል ነው። ፈታሹ ሲያየው የፊንላንድ ቃል ይመስለውና የጎረቤት ዕቃ ነው ብሎ ያሳልፈዋል። አንቺም አልዋሸሽም፤ እርሱም አልተቸገረም።»

ወይዘሮ ሀረገወይን ፈገግታቸውን ዋጥ አደረጉት። «እንዲህ ያለውን ሠላሳ አንድ ዓመት ሰምቼዋለሁ። አንድም ቃል ሳይዋሽ የሚያታልል ሰው ከውሸታሙ ይብሳል፤ ውሸታሙ ቢያንስ እውነትን ለማታለያ አላደረጋትም። ቅቤ አልይዝም።»

ነገሩ በዚህ ባለቀ ነበር። ከገበያ የሚገዛን ቅቤ አልገዛም ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን ሻንጣውን ዘግተው ሳይጨርሱ ከግቢው በር የባጃጅ ድምፅ ተሰማ፤ በሚወርደው ካፊያ ላይ ጃንጥላ ተዘረጋ፤ ከጃንጥላው ሥርም አንዲት ቀጭን አሮጊት በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ትልቅ ነገር በአንቀልባ እንደ ሕፃን አዝለው ወረዱ።

የአብደታ እናት፣ ወይዘሮ ቀኖ ነበሩ።

ልጆቹ በተጋቡ ጊዜ በሁለቱም ወገን ያጉረመረሙ ዘመዶች ነበሩ። አንዱ ወገን «ከገጠር፣ ከዳሪሙ ገበሬ ቤት» አለ፤ ሌላው «ከከተማ ጸሐፊ ቤት» አለ። ሁለቱ እናቶች ግን በሰርጉ ዕለት ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ማንም ሳያዛቸው አንዳቸው ለሌላቸው አጎረሱ፤ ከዚያ ወዲህ ያጉረመረመ አልተሰማም። ይህ መከባበር ለሰባት ዓመት ሳይነካ ኖሯል።

«ሶዳ ኮ!» አሉ ወይዘሮ ቀኖ፣ በአፋን ኦሮሞ «የእኔ ዘመድ፣ የልጄ አማት» ማለታቸው ነበር። ሰላምታውም ጨዋታውም በዚያው ቋንቋ ቀጠለ፤ ወይዘሮ ሀረገወይን መቱ ተወልደው መቱ ያደጉ ናቸውና ሁለቱንም ቋንቋ እኩል ይናገራሉ።

«በዚህ ዝናብ፣ በዚህ መንገድ፤ ምነው እትዬ ቀኖ? ቢልኩብኝ እኔው አልመጣም ነበር?»

«እርስዎ ሩቅ መንገድ አለብዎት። እኔ ከዳሪሙ መቱ ድረስ ብመጣ ምን አለበት?» አንቀልባውን ፈቱ። የኮባውን ቅጠል አንድ በአንድ ገለጡ። ከመካከሉ ሰባት ኪሎ ያህል የሚሆን ለጋ ቅቤ፣ ቢጫነቱ የጠዋት ፀሐይ የሚመስል፣ ወጣ። ከአጠገቡ በትንሽ ጨርቅ የተቋጠረ የደረቀ ኮሰረትና በክር የተሰካ ኮረሪማ ነበር።

ሰይፈ ሚካኤል እኅቱን አየ። እኅቱ አላዩትም።

«ሶዳ ኮ» አሉ ወይዘሮ ቀኖ ዝግ ብለው፣ «እኔ ባሕር መሻገር አልችልም። ጉልበቴ የሰፈሬ ገበያ እንኳ የሚያደርሰኝ በመከራ ነው። ልጄ ልጅ ሲወለድለት እናቱ ከበሩ ላይ መቆም ነበረባት። አምስት ሳምንት ሙሉ የሦስቱን ላሞች ቅቤ አንድ ማንኪያ ለገበያ አላወጣሁም፤ ለቤቴም አላቀለጥሁም። ዛሬ እዚሁ እናነጥረዋለን ብዬ ቅመሙን ይዤ መጣሁ። ይህ ጉማታዬ ነው፤ እኔን ሆኖ ይሄዳል።»

ጉማታ ዘመድ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው በእጁ የሚይዘው ነገር ነው። ትንሽ ቢሆን አያሳፍርም፤ ሳይወሰድ ቢቀር ግን ያስቀይማል። ወይዘሮ ሀረገወይን «ይመስገን፣ እጅዎን አይንሣን» ብቻ አሉ። እንግዳይቱን ከነቅቤያቸው ወደ ሳሎን አስገብተው አስቀመጡና፣ የሚቀመስ ላምጣ ብለው ወደ ማድ ቤት ወጡ። ሰይፈ ሚካኤል ተከተላቸው።

«አሁንስ?» አለ በሹክሹክታ። «ለማያውቅሽ ፈታሽ ስትይ ሶዳሽን ልታስቀይሚ ነው?»

ወይዘሮ ሀረገወይን ዳቦ ይቆርሱ ጀመር።

«እሺ፣ አትያዥው» አለ። «ችግር የለውም። ተቀበያት፣ መርቂያት፣ ቅቤው እዚህ ይቅር። ከዚያ ደውለሽ «ደረሰ፤ ተበላ፤ ጣፈጠ» በያት። ደስ ብሏት ትኖራለች። ማን ይነግራታል?»

«እኔ።»

«ምን ብለሽ?»

«እውነቱን። አንተ ከአንዱ ውሸት ልታድነኝ ሌላ ውሸት አመጣህልኝ። የመጀመሪያው ለማላውቀው ሰው ነበር፤ ይኸኛው ለዘመዴ።»

«ብትቀየምስ? በገሊላ ላይ ቢመጣስ?»

ይህን ጥያቄ እርሳቸውም ለራሳቸው ጠይቀውት ነበር። የዳቦውን ሳህን ይዘው ገቡ። እንደ ወትሮው ከወንበራቸው አልተቀመጡም፤ በርጩማ ሳቡና ከወይዘሮ ቀኖ ፊት፣ ከእርሳቸው ዝቅ ብለው ተቀመጡ።

«እትዬ ቀኖ፣ የምነግርዎት ነገር ከብዶኛል። ይህን ቅቤ ይዤ ልሄድ አልችልም። የዚያ አገር ሕግ ከውጭ የሚመጣ ቅቤና ወተት አያስገባም። ደብቆ የሚያስገባ አለ፤ ገሊላም ደብቂው ብላኛለች። እኔ ግን አልደብቅም። ተቀብዬዎት እዚህ ትቼው ልሄድና ደረሰ ልልዎትም እችል ነበር። ያንንም አላደርግም።»

ወይዘሮ ቀኖ ወደ ቅቤው ጎንበስ አሉ። የኮባውን ቅጠል አንዱን ጫፍ አንሥተው በቅቤው ላይ መልሰው አጠፉት፤ ሌላውንም አጠፉት። የቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ካፊያው ይሰማል። ሰይፈ ሚካኤል ከበሩ መቃን ተደግፎ መሬት መሬት ያያል።

«መርዝ አይደለም እኮ» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ደርቆ። «ቅቤ ነው። የእኔን ቅቤ ምን ብለው ነው የሚፈሩት?»

«የእርስዎን ብቻ አይደለም፤ ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ ነው። የከብት በሽታ በወተትና በሥጋ ተሻግሮ ከላሞቻቸው እንዳይገባ ይጠነቀቃሉ።»

ወይዘሮ ቀኖ ቀና አሉ። «የከብት በሽታ? እንደ አፍተግር ያለ? አፍና ሰኮና የሚያቆስለው?»

«አዎ፣ እንደ እርሱ ያለ።»

አሮጊቷ ያጠፉትን ቅጠል መልሰው ገለጡ። «ከአራት ዓመት በፊት» አሉ፣ «አፍተግር ከቆላ ሲወጣ አጥሬን በእሾህ ዘጋሁ። የገዛ ወንድሜ ደቅሲሳ ከነበሬው መጥቶ አሳድሩኝ አለኝ። ከደጅ መለስሁት። እናታችንን እየጠራ ሰደበኝ፤ ሁለት ዓመት አኮረፈኝ። የጎረቤቶቼ ከብቶች አለቁ፤ የእኔ ሦስቱ ተረፉ። ይህም ቅቤ የእነርሱ ነው።» ቅቤውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉት። «ያን ጊዜ በእሾሄ መካከል ሾልኮ የገባብኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እስከ ዛሬ አልምረውም ነበር።»

ከዚያም ወደ ሰይፈ ሚካኤል ዞር ብለው፣ «ለካ ሰዎቹ ከብት ያውቃሉ» አሉት።

«ያውቃሉ እማማ» አለ ሰይፈ ሚካኤል፣ በጉምሩክ ሹም ፊት የቆመ ይመስል እየተቅለሰለሰ።

«አንተ ደብቂው ብለሃታል አይደል? ዓይንህ ይናገራል።»

ሰይፈ ሚካኤል ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ እንደ ተማሪ አቀረቀረ።

ወይዘሮ ሀረገወይን በዚያች ቅጽበት የተሰማቸውን ክብር በችሎት ዘመናቸው ሁሉ አላገኙትም ነበር። ወንድማቸው የነቀፈውን፣ ልጃቸው ያልተረዳችውን ነገር፣ ፊደል ያልቆጠሩት የዳሪሙ አሮጊት ከላሞቻቸው በር ላይ ቆመው ተረዱት። ሕግ ለሚንቀው ሰው አጥር ብቻ ነው፤ የሚጠብቀው ነገር ያለው ሰው ግን ከአጥሩ በስተጀርባ ያለችውን ላም ያያታል።

«እነርሱ ላም ካላቸው ቅቤም አላቸው» አሉ ወይዘሮ ቀኖ። «ደውልላት እስቲ ለልጄ። እኔ ልጠይቃት።»

ሰይፈ ሚካኤል ደወለ። ገሊላ በስልኩ መስታወት ላይ ታየች፤ ፊቷ ወፈር ብሏል። እናቷ ነገሩን ሳያድበሰብሱ ነገሯት።

«እማዬ፣ ሁሉም ያመጣል እኮ!»

«ሁሉም የሚያደርገውን ለማድረግ እኔ አላስፈልግሽም፤ ሁሉም አለልሽ።»

ገሊላ ዓይኗ ውኃ ሞላ። ወይዘሮ ቀኖ ስልኩን ተቀበሉና ወደ ፊታቸው እጅግ አስጠጉት፤ በዚያ ወገን ግንባራቸው ብቻ ሳይታይ አልቀረም።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አታልቅሺ፤ ሆድሽ ውስጥ ይሰማል። ይልቅ ንገሪኝ፤ የዚያ አገር ቅቤ ምን ይመስላል?»

«ነጭ ነው እማማ። ምንም ምንም አይሸትም።»

«ምንም ካልሸተተ ገና የማንም አልሆነም ማለት ነው። የእኛ እናደርገዋለን።»

ገሊላ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ስልኩ ተዘጋ።

«ልክ ነው» አሉ ወይዘሮ ሀረገወይን፣ ፊታቸው እየፈካ። «የደረቀ ቅመም አይከለከልም። ኮሰረቱንና ኮረሪማውን እወስዳለሁ፤ ቅቤውን እዚያው ገዝቼ አነጥርላታለሁ።»

«በማን እጅ?»

«በእኔ ነዋ። እናቴ ከመንዝ ይዛው የመጣችው አነጣጠር አለኝ፤ እርድና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት...»

«እሱ ደግ ነው» አሉ ወይዘሮ ቀኖ። «ጥሩ ቅቤ ይሆናል። የእርስዎ ስጦታ ይሆናል።» ከዚያም ጨመሩ፤ «የእኔስ?»

ወይዘሮ ሀረገወይን የጀመሩትን አልጨረሱም። ቅመም ቅመም ነው፤ ከማንም ገበያ ይገዛል። አብደታ የእናቱን ቅቤ የሚያውቀው በቅመሙ ሳይሆን በእጃቸው ነው። ያ እጅ ካልሄደ ወይዘሮ ቀኖ ባዶ እጃቸውን ቀሩ ማለት ነው።

«ያስተምሩኝ» አሉ።

ሰዓቱ ስድስት ሆኖ ነበር። ከሰል ተቀጣጠለ። ከሰባቱ ኪሎ ሁለቱ በብረት ድስት ተጣደ። ወይዘሮ ሀረገወይን ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው ከምድጃው አጠገብ ሲቀመጡ ወይዘሮ ቀኖ ሳቁ።

«ሊከሱት ነው ቅቤውን?»

«እንዳልረሳ ነው። ኮሰረቱ በስንተኛው ደቂቃ ይገባል?»

«ቅቤ ሰዓት አያነብም። ይስሙት።»

«ምኑን?»

«አሁን እያወራ ነው፤ ውኃ አለበት። ሲንጫጫ ቅመሙ ገና ነው። ወሬው ሲረጋ ኮረሪማውን ይጨምሩ። ድምፁ ሊጠፋ ሲል፣ እንደ ሰው እንቅልፍ ሲወስደው፣ ያኔ ኮሰረቱ። ቀድሞ ከገባ ይመራል፤ ዘግይቶ ከገባ ሳር ሳር ይላል። እርድ አያስፈልገውም፤ መልኩ ከላሟ መጥቷል።»

«የዚያ አገሩ ነጭ ነው።»

«ነጭ ይሁን። ቀለም መቀባት ምን ይባላል? እርስዎ አይወዱትም መሰለኝ።»

ወይዘሮ ሀረገወይን በዚህ ተሸነፉ። ዓይናቸውን እንጂ ጆሯቸውን ለድስት አውሰው አያውቁም ነበር። በመጀመሪያው ድስት አረፋው ጠራ ብለው ቶሎ አወጡት። ወይዘሮ ቀኖ በማንኪያ ቀምሰው፣ ጠብታውን በፍሙ ላይ አንጠባጠቡት፤ ተንጣጣ።

«ውኃ አለው። ለሳምንት ይሆናል፤ ለአራስ ቤት ግን አይሆንም፤ ሁለት ወር አይቆይም።»

በሁለተኛው ድስት ፈርተው አቆዩት፤ ኮሰረቱ ጠቆረ። ወይዘሮ ቀኖ ቀመሱና ማንኪያውን አስቀመጡ።

«ይንገሩኝ እንጂ።»

«ይበላል» አሉ ወይዘሮ ቀኖ በለሰለሰ ድምፅ። «ደክመዋል ሶዳ ኮ፤ ነገ መንገድ አለብዎት። እንዲህም ይበላል።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ምስክር ሲናገር የሰሙ ሴት ናቸው። «ይበላል» የሚለው ቃል በጨዋነት የተነገረ ፍርድ መሆኑን ለመለየት አልተቸገሩም።

ሦስት ኪሎ ለጋ ቅቤ በኮባው ላይ ቀርቷል። የነጠረውን ወይዘሮ ቀኖ በሁለት ማሰሮ እያጠለሉ ሳለ፣ «ይህን የነጠረውን ወደ ዳሪሙ አልመልሰውም» አሉ። «ለአራስ ተብሎ ከቤት የወጣ ቅቤ ወደ ቤት አይመለስም። ሰፈራችሁ አራስ የለም?»

«የሽብሬ ምራት አለች፣ ከዚህ ሁለተኛው ቤት። እሑድ ወለደች።»

«ለእርሷ ይሁን። ልጄም በዚያ አገር የማታውቀው ሰው በጎ ይሥራላት።»

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሰይፈ ሚካኤል ከመጋዘኑ ተመለሰ። ካፊያው ቆሟል። ሻንጣውን እንደገና መዝኖት ነበር፤ ቀጭኔውና ብስኩቱ ወጥተው ኮረሪማውና ኮሰረቱ ገብተው ሃያ ሦስት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ከተማው ውስጥ አዲስ የተከፈተ ሱቅ የጀርመንኛ ሰላምታ የታተመበት ቲሸርት እንደሚሸጥ ሰምቷል፤ ያን ሊነግራቸው አፉን ከፈተና የሁለቱን ሴቶች ፊት አይቶ ተወው።

ወይዘሮ ቀኖ ነጠላቸውን እያጣፉ ተነሡ። የመጨረሻው መኪና ወደ ዳሪሙ ሳይሄድ ሊደርሱበት ነበር። የልጃቸውን አማት ጨብጠው፣ «በሰላም ይግቡ። ለአብደታ እናትህ ደህና ናት ይበሉልኝ» አሉ። ስለ ቅቤው አንድ ቃል አልጨመሩም።

ወይዘሮ ሀረገወይን እጃቸውን አልለቀቁም።

«ሰይፌ» አሉ፣ ወንድማቸውን ሳያዩ፤ «መናኸሪያ ሂድና ትኬቴን ወደ ሐሙስ አዛውርልኝ።»

«ሐሙስ? በረራሽ ለዓርብ አጥቢያ ሌሊት ነው። ነገ ገብተሽ ሐሙስ ሽሮ ሜዳ ለክርስትናው የጥበብ ቀሚስ ልግዛ ስትይ ወር ሙሉ አልነበረም? ሐሙስ ማታ ደክመሽ ከገባሽ መቼ ትገዢያለሽ?»

«ባለኝ ቀሚስ እሄዳለሁ።»

«ያ የችሎቱ ግራጫ ቀሚስ?»

«እርሱ።» ከዚያም የወይዘሮ ቀኖን ነጠላ ከትከሻቸው በቀስታ አንሥተው ከወንበሩ መደገፊያ ላይ አኖሩት። «እትዬ ቀኖ፣ እዚህ ይደሩ። ሦስት ኪሎ ቀርቶናል። ነገ ጠዋት እኔ አነጥራለሁ፣ እርስዎ ይቀምሳሉ፤ ካልሆነም «አልሆነም» ይበሉኝ።»